ባለቤት ያጣው ወፍጮ

በየከተማው ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ አንድ ሰው አለ። የእኛ የመርሳዎቹ ደግሞ ክቡር ጋሼ ጀብሪል፣ የወፍጮ ቤቱ መካኒክ ናቸው። «እስቲ ትንሽ ልነካካው» ካሉ ያ ዕቃ አለቀለት። እኔ ራዲዮኔን ከእሳቸው ስደብቅ ኖሬአለሁ።

ወፍጮው የመንግሥት በነበረ ጊዜ ጋሼ አዲስ ነገር ልሞክር ባሉ ቁጥር ፈቃድ ከወልድያ ይጠበቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁም፣ «ወፍጮው ቆመ አልቆመ ደመወዝህ አይቀርብህም፤ ምን አስቸኮለህ?» ይሏቸዋል። ከዚያ የአክሲዮን ሆነ። ባለድርሻዎቹ «መጀመሪያ ትርፉን እንካፈል» አሉ፤ ተካፈሉት፤ ለሙከራ የተረፈ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ሐጂ ኢዘዲን ለብቻቸው ገዙት። ሐጂ እየተራገሙም ቢሆን ከኪሳቸው ያወጣሉ። «አላህ ይይልህ ጀብሪል! ይኸንንም የሞተር ቺንጋ በላኸው? ሂድ፣ ሌላ ግዛ!» የከለከሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወፍጮውን ከአሮጌ አይሱዙ መኪና በተፈታ የጎማ ማዞሪያ፣ በዲፈረንሻል፣ አገናኝቶ በግመል ማዞር። «ድንጋዬን ትሰነጥቀዋለህ!»

ጋሼ ጠዋት ማታ «ይኸ ባለቤት የሚሉት ነገር ባይኖር!» እያሉ ሲያማርሩ ጦርነቱ መርሳ ገባ። መብራት ጠፋ፣ ናፍጣ ጠፋ፤ ሐጂም ቁልፉን ለጋሼ ትተው ወደ ደሴ ሸሹ። ከተማው ማሽላ እየቀቀለ ይበላ ጀመር።

«በሉ እንግዲህ፣ ጊዜዎ ደረሰ!» አልኳቸው። እሳቸው ግን ከበሩ እስከ ወፍጮው ይንቆራጠጣሉ። «ድንጋዩ ቢሰነጠቅስ? አማና ነው እኮ፣ የሰው አደራ! ሐጂን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» በጣም ተናደድኩ። ዕድሜ ልካቸውን ባለቤት ሲያማርሩ የኖሩ ሰው፣ ባለቤት ሲያጡ እጃቸው ተሳሰረ።

የጎረቤቴ የእታፈራሁ ልጅ ታማ ነበርና ንፍሮ አልወርድላት አለ። እናትዬው ማሽላዋን ተሸክማ መጣች።

«ጋሼ፣ ልጄ እያየኋት ልታልቅብኝ ነው። ይሰንጠቅ! ሐጂ ሲመጡ የሰበረችው እታፈራሁ ናት በሏቸው።»

ጋሼ ጥፋቱን የሚሸከምላቸው ሰው ሲያገኙ ወዲያው ወጥተው ግመል ተዋሱ። የገበያ ግመል ግን ከፊቱ የሚሄድ ሰው ካላየ ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ እኔ ገመዱን ይዤ ፊት ፊቱ ስዞር ዋልኩ። ጭንቅላቴም አብሮ ዞረ። ዱቄቱ እንደ ቅንጬ ሸካራ ነበር፤ ልጅቱ ግን ገንፎዋን በላች። በማግስቱ ሰፈሩ ተሰለፈ።

ሐጂ ሲመለሱ ድንጋዩ ተሰንጥቋል። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ሐጂ ከዱቄቱ ቆንጥረው በጣታቸው አሹት። ከዚያም፣ «ጀብሪል፣ በሁለት ግመል ብታደርገው አይልምም ነበር?» አሉ።

ትናንት ጋሼ ቤቴ መጡ፤ ዓይናቸው ራዲዮኔ ላይ ዐረፈ። «እስቲ ትንሽ ልነካካው?» እኒህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ምን ላድርግ።

«ውሰዱት ጋሼ» አልኳቸው፤ «ባለቤቱ እኔ ነኝ። ቢበላሽም ይበላሽ።»