«ከሳህ» የሚለኝ ሲጠፋ

የእኛ ሰው ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ምርመራ ነው። እጁን ሲዘረጋ ሊጨብጣችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ክንዳችሁ ላይ የቀረውን ሥጋ ሊገምት ነው። «እንደምን አደርክ?» ይልና መልሱን ሳይጠብቅ «ምነው ከሳህ?» ያስከትላል። የወፈረ ሰው ሲያገኝ ደግሞ «ተመችቶሃል መሰል!» ይላል። በሞቴ፣ ሰውነታችሁ ልክ ሆኖ የዋለበትን አንድ ቀን ታስታውሳላችሁ?... እኔ አላስታውስም።

ቀጭን ነኝ። ድሮም ቀጭን ነበርኩ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ሰሊጥ ገበያው አጠገብ የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከቤቴ ተነስቼ ሱቄ እስክደርስ ድረስ ያገሬ ሰው በአማርኛ፣ የስደተኛ ካምፑ ሰው በትግርኛ፣ ሱዳኑ በዓረብኛ መክሳቴን ያረዳኛል። «ያ ዘውል፣ ማለክ ዳዓፍተ?» ይለኛል ዳቦ ሻጩ። አንተ ሰው፣ ምን ሆነህ ነው የከሳኸው ማለቱ ነው። ምንም አልሆንኩም ብለው አያምነኝም። ከኋላዬ ደግሞ ምክክሩ ይቀጥላል።

«ስኳር ይሆናል።»

«ኧረ ጉበት ነው!»

«ምንም አይደለም፤ ሚስቱ ናት።»

ሚስቴ ትርንጎ ይቺን የሰማች ዕለት ወጡን በቅቤ አጥለቅልቃ አቀረበችልኝ። በላሁት። ቅቤው የት እንደገባ እስካሁን አይታወቅም።

ሰው የሚደጋገምበትን ነገር ማመኑ አይቀርም። መስተዋቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ሠርግ ሲጠሩኝ እግሬን አመመኝ ማለት ጀመርኩ። ከጀለቢያዬ ስር ሁለት ሸሚዝ ደርቤ መውጣት ለመድኩ፤ ያውም በገዳሪፍ ሙቀት! አንድ ቀን ሰው የለም ብዬ የሰሊጥ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ለካ ተሸካሚው ከጆንያዎቹ ጀርባ ተኝቶ ኖሯል። ቀና ብሎ ሚዛኑን አየና «ናቂስ!» አለ። ጎደሎ ነው፣ ጨምሩበት ማለቱ ነው። ሐኪም ቤት ሄጄ ደሜን ሰጠሁ፤ ደኅና ነህ ተባልኩ። ይህም አላስተኛኝም።

ሲስተር ለተብርሃን የምትባል የአእምሮ ጤና ነርስ አለች። ካምፕ ውስጥ ትሠራለች፤ ከተማ ስትመጣ የምታድረው እኛ ሰፈር ነው። ጭንቄን አዋየኋት።

«ሥጋህ ደኅና ነው» አለችኝ። «የታመመው ሐሳብህ ነው።»

«ምን ይሻለኛል?»

«እነሱ ይተውህ። ያገር ልጆች ማኅበራችሁ ሲሰበሰብ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ሳቄ መጣ። የእኛን ሰው የሰው ገላ ከመመዘን ማስተው የራሃድን ወንዝ ሽቅብ ከማስፈሰስ አይቀልም። እሺ ብያት ረሳሁት። በማግስቱ ለአንድ ደንበኛዬ ትራክተር መለዋወጫ ልገጥም ወደ መፋዛ ገጠር ሄድኩ፤ ሥራው ጎትቶኝ ሰነበትኩ።

ስመለስ ከወትሮው የባሰ ከስቻለሁ። ገና ከመኪና ስወርድ ለዳቦ ሻጩ ራሴን አዘጋጀሁ። «አህለን፣ አህለን» አለኝና ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር አያ ደሴ አንጓዬን ሳይለካ ለቆኝ አያውቅም ነበር። እሱም ዓይኑን ጫማዬ ላይ ተከለው።

«ያምርብሃል» አለኝ።

«ምኑ?»

«ጫማው።»

ጫማዬ ከፊቱ አፉን ከፍቷል። ቤቴ ገባሁና ትርንጎን «ከሳሁ አይደል?» አልኳት። «እኔ ምን አውቃለሁ? የሰው ገላ የራሱ ነው» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ወዳጆቼ፣ ያገሬ ልጆች ከሆናችሁ እዚህ ላይ ደንግጣችኋል። የእኛ ሰው እንዲህ የሚለሰልሰው መቼ ነው? መርዶ ሲደብቅ! ወገን የሞተበትን ሰው ጊዜው ደርሶ እስኪረዳ ድረስ ማንም አያስከፋውም፤ ዓይን ዓይኑንም አያየውም። እናቴ ያለችው ጭልጋ ነው። የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ነገሩን አንድ ላይ ደመርኩት። እናቴ ሞታለች።

መርዶ ደግሞ አይጠየቅም፤ ራሱ ነው የሚመጣው። ፈራሁ። እህል አልወርድ አለኝ። በመጨረሻ ጀለቢያዬንና የደረብኳቸውን ሸሚዞች አወለቅኩና በአንዲት ስስ ሸሚዝ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ፣ የጎድን አጥንቴ እየተቆጠረ ገበያውን ዞርኩት። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ «ከሳህ» ቢለኝ እናቴ በሕይወት አለች። ያ ሁሉ ሰው አየኝ፤ አንድም የሚናገር ጠፋ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። አያ ደሴ፣ የማኅበራችን ሽማግሌ ሐጅ ኑሩና ሲስተር ለተብርሃን ተሰልፈው ቆመዋል። ሽማግሌ በማለዳ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«እስቲ ቁጭ በል ልጄ» አለ አያ ደሴ።

ቁጭ በል!... «እናቴን!» ብዬ ጮኽኩ። ትርንጎ ከጓዳ ወጥታ ደረቷን ትደቃ ጀመር። ሱዳናዊው ጎረቤታችን ዓም ኢድሪስ ጩኸቱን ሰምቶ «አልፋትሓ!» እያለ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ገባ፤ እዚህ አገር ለቅሶ የሚደረሰው እንዲህ ነው። ሐጅ ኑሩ መዳፍ ተዘርግቶ ሲያይ ዝም አይልምና እሱም ዘረጋ። ያኔ ቁርጤን አወቅኩና መሬት ላይ ተዘረርኩ። የሰፈሩ ሴቶች ምንጣፍ ይዘው ደረሱ።

አያ ደሴ እንባውን እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ማን ሞቶብህ ነው ልጄ?»

«እናቴ!»

«ውይ! መቼ?»

«የምትነግሩኝ እናንተ አይደላችሁ እንዴ!»

«እኛ ምኑን አውቀን?»

«ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

«ይቅርታ ልንጠይቅህ ነዋ። ከሳህ እያልን አሳመምንህ አሉን። ፀሐዩ ሳይበረታ ብለን ነው በጠዋት የመጣነው።»

ትርንጎ ደረቷን መድቃቱን አቆመች። «አንተ አይደለህ እንዴ በሲስተር ያስመከርከን? መፋዛ ሳለህ ዳቦ ሻጩን ሳይቀር ሰብስባ ነገረችን እኮ!»

አመንኳቸው? የእነሱ ወገን ነኝ እኮ! መርዶ ሲደብቁ ከዚህ የበለጠ ሲዋሹ አይቻለሁ። «እናቴን አገናኙኝ» አልኩ። ስልክ ያለው ሁሉ መደወል ጀመረ። ለቀስተኛውም ከምንጣፉ አልተነሳም፤ እውነት ሞታ ከሆነ ተመልሶ መምጣት አለ። ረፋድ ላይ በአያ ደሴ ስልክ መስመሩ ገባ። ድምፁን ከፍ አደረጉልኝ።

«ሃሎ! እነማን ናቸው የሚንጫጩት?» አለች እናቴ።

«ለቅሶ ደራሾች ናቸው።»

«እኔ ልሙት! ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተ፣ እማዬ… ደኅና ነሽ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ። አንተ ግን ምነው፣ ድምፅህ ከሳብኝ?»

ቤቱ እንደ ክረምት ደራሽ ውሃ ገነፈለ።

«እውነቷን ነው፣ ከስቷል!» ብሎ ጮኸ አያ ደሴ፣ አንጓዬን ጨብጦ።

«አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው፣ ወላሂ!» አለ ሐጅ ኑሩ።

ዓም ኢድሪስ አማርኛ አይሰማም፤ ግን ገባው። «ዳዓፍ ሸዲድ!» አለ፤ ክፉኛ ከስቷል ማለቱ ነው። ሲስተር ለተብርሃን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እኔም እንባዬ እየወረደ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩና «አዎ እማዬ፣ ከስቻለሁ!» አልኳት፣ በኩራት።