ጉዳዩ፦ የጸጉራሞቹን ካሴት ሕጋዊ ስለማድረግ

እኔ የምሠራበት የድምፅ ቅርስ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት አምስት ክፍሎች፣ አሥራ ሁለት ማኅተሞችና አንድ የሚሠራ ቴፕ አሉት። የኔ ድርሻ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። በሃያ ዓመት አገልግሎቴ ያልተባለ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ የተባለውንም ቢሆን ሁሉን አልጻፍኩም። አሁን በታላቅ አክብሮት የማቀርበው፣ ጽሕፈት ቤታችን አንድን ከሕግ ያፈነገጠ ካሴት እንዴት አድርጎ ወደ ሕግ እንደመለሰው ነው። አንባቢ ቢቻል ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያንብብልኝ።

ካሴቱን ያመጡት አንድ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት፣ ዓለምን ያናወጡት አራት ጸጉራም የሮክ ሙዚቀኞች በከተማው ኳስ ሜዳ ሲጫወቱ፣ እሳቸው ያኔ ጎረምሳ ነበሩና ቴፕ ደብቀው ገቡ። መቅዳት በጥብቅ የተከለከለ በመሆኑ ከኮታቸው ውስጥ ለቴፑ ልክ የምትሆን የምስጢር ኪስ ሰፍተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ሙሽራ አልብሰው፣ እስካሁን እንደዚያች ኪስ ያለ ስፌት አልወጣኝም ይላሉ። በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዘፈን መካከል፣ አጠገባቸው ቆማ ስትዘል ከነበረች አንዲት ልጅ ጋር እግር ለእግር ተረጋገጡ። ልጅቱ ዛሬ ባለቤታቸው ናቸው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ማን ማንን ረገጠ? በቴፑ ላይ አንዲት ሴት «ረገጥ...» ስትል ይሰማል፤ የቀረውን ድራሙ ይውጠዋል። ልብስ ሰፊው «ረገጥኩህ» ነው ያለችው ይላሉ። ባለቤታቸው «ረገጥከኝ» ነው ያልኩት ይላሉ። አንድ ትዳር ለአርባ ዓመት በአንድ ግስ ጭራ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ሦስት ልጆች በዚህ ክርክር መካከል ተወልደው፣ ወገን ለይተው፣ አድገው፣ አግብተው ወጥተዋል። በመጨረሻም ባልና ሚስት ተማማሉ፤ የተረታው ወገን ልጆቹ በተሰበሰቡበት ቆሞ «ጥፋቱ የኔ ነበር» እንዲልና ነገሩ ለዘላለም እንዲዘጋ።

ልብስ ሰፊው ወደኛ የመጡት እንግዲህ መረጋገጡ እንዲረጋገጥላቸው ነው። የኛ መሣሪያ ድምፅን ከድምፅ ለይቶ እንደሚያጸዳ ሰምተዋል። ካሴቱን በመሀረብ ጠቅልለው ዋና ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና፣

«ጌታዬ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ። «ከመሞቴ በፊት በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ልክ መሆን ነው የምፈልገው።»

ዳይሬክተራችን ልባቸው ተነካ። ባለትዳር ናቸው። ሆኖም ይፋዊ ያልሆነ ቅጂ በይፋዊ ቴፕ ሊሰማ እንደማይችል፣ ስለዚህ ካሴቱ አስቀድሞ ይፋዊ መሆን እንዳለበት፣ ይፋዊ ለመሆን ደግሞ በቴፑ ተሰምቶ መመርመር እንደሚገባው በትዕግሥት አስረዷቸው። ልብስ ሰፊው አንዱም አልገባቸውም፤ ግን የፈቃድ ቅጽ ሲቀርብላቸው ሳያነቡ በሦስት ቅጂ ፈረሙ።

በማግስቱ የመርማሪ ኮሚቴው ረፋድ ላይ ተሰበሰበ። ዳይሬክተሩ፣ የሕግ ክፍል ኃላፊዋ፣ የድምፅ ባለሙያውና እኔ ነበርን። የዕለቱን ቃለ ጉባኤ እንዳለ እጠቅሳለሁ፦ «በመጀመሪያው ዘፈን የኮሚቴው አባላት እግራቸውን አንቀሳቀሱ። በሁለተኛው ከመቀመጫቸው ተነሱ። በሦስተኛው የሕግ ክፍል ኃላፊዋ ለሥራው አመቺነት ሲባል ጫማቸውን አወለቁ። ሰብሳቢው በማስመሪያ አማካይነት የጊታሩን ክፍል በዝርዝር መረመሩ። ጉዳዩ ጥልቅ ስለሆነ ምርመራው ሦስት ጊዜ ተደገመ።» ከጎን ያለው የሰው ኃይል ክፍል ግድግዳ ደብድቦ ድምፅ ቀንሱ አለን፤ ኋላ ግን በሙሉ ቁጥሩ ገብቶ ለምርመራው ድጋፍ ሰጠ። ሮክ ምን እንደሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ በውል አላውቅም ነበር። ሳልደብቅ ልናገር፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ሥራ ላይ ውዬ አላውቅም።

ላባችንን ጠርገን ስናበቃ ባለሙያው ወደ ዋናው ነጥብ ገባ። ከሦስተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ድራሙን ቀስ አድርጎ አነሳው፤ የኮቱን ፍትጊያም አወጣው። የቀረው አንድ የልጃገረድ ድምፅ ነው፤ ጥርት ብሎ፣ በሳቅና በድንጋጤ መካከል፦ «ውይ፣ ረገጥኩህ እንዴ?» ወንዱም ወዲያው እንደ ጨዋ ሰው መለሰላት። የሕግ ክፍል ኃላፊዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ልብስ ሰፊው ለአርባ ዓመት ልክ ነበሩ። ይሁን እንጂ ውጤቱ በይፋ እስኪገለጽ ድረስ ልክነታቸው ምስጢር እንዲሆን ተወሰነ፤ ኮሚቴውም በሙሉ ድምፅ ተስማማ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ መሥሪያ ቤት ለምን ያስፈልግ ነበር? የሕግ ክፍል ኃላፊዋ መመሪያውን ገለጡ። አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ ድምፁ የተቀዳ ሰው ሁሉ ቀርቦ ይፈርማል፤ ያልፈረመ ድምፅ ይወገዳል። ስለዚህ ለጸጉራሞቹ በየአድራሻቸው ደብዳቤ ተጻፈ። ዘፋኙ አልመለሰም። ድራመሩ ከዚህ ዓለም በሞት የተለየ ስለሆነ በአካል ቀርቦ ለመፈረም እንዳልተመቸው ታወቀ። ጊታሪስቱ በጠበቃው በኩል «ደብዳቤያችሁ ደርሶናል» ብሎ ጻፈ፤ መድረሱ ግን ፊርማ አይደለም። ቤዝ ተጫዋቹ በገዛ እጁ በጻፈው መልስ፣ በዚያ ባንድ ውስጥ የሱ ድምፅ ተሰምቶ ስለማያውቅ የሚፈርምበት ነገር እንደሌለ በትሕትና ገለጸ።

ለስምንት ሺው ተመልካች ደግሞ በራችን ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። በአራተኛው ዘፈን ላይ ያፏጨሁት እኔ ነኝ አለ። ለማረጋገጫ እንዲያፏጭ ቢጠየቅ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ኖሮ ነፋስ ብቻ ወጣው፤ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

የድምፅ ባለሙያውን አላስቻለውም። «ጌታዬ፣ ሙዚቃውን ካወጣነው፣ ሕዝቡንም ካወጣነው ምን ይቀራል?» አለ።

«ሕጋዊው ይቀራል» አሉ ዳይሬክተሩ።

በሳምንቱ የልብስ ሰፊው ባለቤት ተጠርተው መጡ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ፈራሚ ድምፁን አስቀድሞ የመስማት መብት ስላለው የጆሮ ማዳመጫ ተሰጣቸው። ሰሙ። ድገሙልኝ አሉና ደግመው ሰሙ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም፤ ጆሮአቸው ብቻ ቀላ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው ገመዱን በሥርዓት ጠቀለሉና ካልፈረምኩ ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ። የሕግ ክፍል ኃላፊዋ ድምፃቸው እንደሚቆረጥ ነገሯቸው።

«የባለቤቴስ?»

«እሳቸው ፈርመዋል፣ እትዬ። የሳቸው ይቀመጣል።»

«እንግዲያው የኔ ይቆረጥ» አሉ ሴትየዋ። «የኔ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ያልተፈረመበት ነገር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።»

ቦርሳቸውን አንግተው፣ ለሁላችንም መልካም ሥራ ተመኝተው ወጡ። እኔ እስከ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው፤ እንዲህ ዓይነት የሥራ ባልደረባ በማጣታችን ቆጨኝ።

የተጣራው ካሴት የሚመረቅበት ቀን አዳራሹ ሞላ። ልብስ ሰፊው ለዚሁ ቀን በሰፉት ኮት ደረታቸውን ነፍተው መጡ። ሦስቱ ልጆቻቸው ከነባለቤቶቻቸው ከፊት ተቀመጡ። አዛውንቱ በእኔ በኩል ሲያልፉ ጠቀሱኝ፤ ማሸነፋቸውን ከፊታችን ላይ አንብበውት ነበር መሰለኝ። እኔም መልሼ ጠቀስኳቸው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዳይሬክተሩ ንግግር አደረጉ። ጽሕፈት ቤታችን ከስልሳ ሁለት ደቂቃ ሕገ ወጥ ድምፅ ውስጥ ሦስት ሰከንድ ንጹሕና ሕጋዊ ድምፅ አንጥሮ ማውጣቱን፣ ይህም ከዓመቱ ዕቅድ በላይ መሆኑን አበሰሩ። የዝነኛው ባንድ የመጀመሪያው ይፋዊ የመድረክ ቅጂ ይኸውላችሁ አሉና ሪባን ቆረጡ። ባለሙያው ቁልፉን ተጫነ። ከአራት ትልልቅ ስፒከሮች፣ ያለ ጊታር፣ ያለ ድራም፣ ያለ አንድም ሰው እልልታ፣ የአንድ ጎረምሳ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፦

«ይቅርታ እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ልጆቹ ተነሥተው እናታቸውን አቀፉ። ልብስ ሰፊው አፋቸውን ከፍተው ቆሙ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እንዴ፣ ከዚህ በፊት እሷ ያለችው አለ እኮ! እኔ ለጨዋነት ብዬ ነው! ዋናው ካሴት የታለ?»

«ተወግዷል፣ ጋሼ» አሉ ዳይሬክተሩ በርኅራኄ። «ከዚያ በፊትም የተባለ ነገር ሊኖር ይችላል። ግን አልተረጋገጠም።»

አዛውንቱ ወደ ባለሙያው ዞሩ፤ ባለሙያው ጣራውን አየ። ወደ ሕግ ክፍል ኃላፊዋ ዞሩ፤ እሳቸው ጫማቸውን አዩ። ወደኔ ሲዞሩ እኔ እየጻፍኩ ነበር። አዘንኩላቸው፤ የእውነቴን ነው። ነገር ግን የኔ ማዘን በዕለቱ አጀንዳ አልተያዘም። ትልቁ ልጅ «በቃ አባዬ፣ አንተው ራስህ ብለኸዋል» አላቸው። ባለቤታቸው የማረጋገጫ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ማኅተሙ የባላቸውን ስም እንዳይሸፍን አስተካክለው አዩና ሌላ ሁለት ኮፒ ጠየቁ።

ከመድረኩ ሲወርዱ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ሴትየዋ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ ሲራመዱ የባላቸውን ቀኝ እግር በተረከዛቸው ድፍጥጥ አድርገው ረገጡት። ልብስ ሰፊው ዘለሉ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ማኅተሙን አዩ፤ ከዚያም በደከመ ድምፅ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ይህንኑ ቃል በቃል ከነሰዓቱ በቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሬዋለሁ። የወይዘሮዋን መርገጥ ግን አልጻፍኩም። አልፈረሙበትማ።