ስለ እግረኛ በመኪና የመጡ ሰዎች

ወሬው የደረሰኝ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ሱቄን ልከፍት ስል ነው። እህቴ ከሆሳዕና ደውላ፣ «እማዬ እኮ የእግረኞች ተወካይ ሆና ስብሰባ ገባች!» አለችኝ። ጌታን አመሰገንኩ፤ ዝርዝሩን የሰማሁት ኋላ ነው።

አንባቢዬ፣ ለእግረኛ አብዝቶ የሚያዝን ባለመኪና ገጥሞዎት ያውቃል? ሐሜት እንዳይሆንብኝ እንጂ እኔ ብዙ አውቃለሁ። አጠገቡ ካለው ሱቅ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ሞተር እያስነሳ፣ በእግር መሄድ ለጤና ያለውን ጥቅም ይመክርዎታል። ስለ እግረኛ መንገድ ሊወያዩ የተጠሩትም እንዲህ ያሉ ደጋጎች ናቸው። ከዱራሜ ሳይቀር መጡ። መኪናቸውን የት አቆሙ? እግረኛው መንገድ ላይ ነዋ!

ዓይኗ የደከመው እማዬ በአስፋልቱ ዞራ ስትገባ፣ የመክፈቻው ጸሎት «አቤቱ፣ እግረኞችን ጠብቅ» የሚለው ላይ ደርሷል።

«እማማ፣ ተወካይ ሆነው ያረፍዳሉ?» አሉ ሰብሳቢው።

«መኪናችሁን ስዞር ነው፣ ልጄ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢውም «ጥሩ አስተያየት ነው፣ ወደፊት ይታያል» ብለው አለፉት። ከዚያ አንዱ ብስክሌት ይበረታታ፣ ሌላው አስፋልቱ ይስፋ እያሉ እስኪመሽ ተከራከሩ፤ ሲያበቁም ሁሉም ወደ መኪናው ገባ።

እዚያ የነበራችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚያ ምሽት እማዬን አስፋልቱን ማን አሻገራት? ስጠይቃት «ጌታ እጄን ይዞ» ትለኛለች። አምናለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ግን፣ ከእናንተም አንዱ ሌላኛውን እጇን ይያዝልኝ።