የአጎቴ ትከሻ

እኔ የምለው፣ ሙያችሁን ለዘመድ አስረድታችሁ ታውቃላችሁ? ካላስረዳችሁ ተውት! እኔ ፊዚዮቴራፒ የማስተምር ፕሮፌሰር ነኝ። ክፍል ውስጥ ስለው ያምርብኛል። ንፋስ መውጫ ስገባ ግን የባጃጁ ሾፌር «ታዲያ ወጌሻ ነኝ አትልም?» ብሎ ገላገለኝ። አልከፋኝም፤ እንዲያውም ያጥራል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እዚያው አገር፣ ቤተ ልሔም ግድም የዜማ ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ አንድ አጎት አሉኝ፤ መርጌታ ስንሻው ይባላሉ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከበቅሎ ወደቁና ቀኝ ትከሻቸው ተያዘ። አጥንት አልተሰበረም፤ ክንዳቸው ግን ከደረታቸው በላይ አልወጣ አለ። ይህ ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? መቋሚያ ማንሳት ያልቻለ ዝማሜ አይመራም! የገና በዓል ደግሞ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶታል። ስንት ዓመት የመሩትን ማኅሌት ዘንድሮ ጥግ ተቀምጠው ሊያዳምጡት ነው። እናቴ ደውላ፣ «ወንድምዓለም እህል አልቀምስ ብሏል። ለመሆኑ አንተ ምን ልትሆን ነው የተማርከው?» አለችኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። መቋሚያውን በሁለት እጅ ጨብጠው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ማንሳት፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር ጊዜ። መድኃኒቱ ይኸው ነው። አሳየኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «ይደርሳል፣ ልጄ» አሉኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብያቸው ተመለስኩ።

ከወር በኋላ ሄጄ ምን ባይ ጥሩ ነው? ጢማቸው ያጎፈረ ደቀ መዛሙርት በረድፍ ቆመው መቋሚያ ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ። አጎቴ ተቀምጠው ያርማሉ። «አንተ! ክርንህን አቅና! አንተ ደግሞ አሥር አልሞላህም፤ ዘጠኝ ነው!» የተማሪዎቹ ትከሻ ያስቀናል። የእሳቸው እንደነበረ ነው።

«አጎቴ፣ የታመሙት እኮ እርስዎ ነዎት!» አልኩ። ተገረሙብኝ። መምህር ያርማል እንጂ ከተማሪ ጋር ቆሞ ይቀጽላል፣ ይማራል እንዴ? አንድ ሳያጎድሉ አስጠንተውልኛል፤ ሌላ ምን ቀራቸው? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ ነው።

ተናደድኩ፤ እውነቴን ነው። አራት ሳምንት ብቻ ቀርቷል! ካጠገቤ የቆመውን ተማሪ መቋሚያውን ነጠቅሁና «እንግዲያው ዘንድሮ እኔ እመራላችኋለሁ!» ብዬ ጀመርኩ። የማውቀው በልጅነቴ ያየሁትን ያህል ነው። ወደ ቀኝ በሚባልበት ወደ ግራ አወዛወዝኩት። አጎቴ ጮሁ። ትከሻቸውን ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ያመማቸው የእኔ ስህተት ነው! «ኧረ ተው! ኧረ አታበላሸው!» ብለው ብድግ አሉ፤ መቋሚያውን ነጠቁኝና ሽቅብ አነሱት። እስከ ግንባራቸው!

ዘለልኩ። ፕሮፌሰር አይዘልም ያለው ማነው? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ፈቃድ ወሰድኩና እዚያው ከረምኩ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር ጊዜ እሳሳታለሁ፤ እየተነሱ ያርሙኛል። የመጀመሪያው ስህተቴ የምሬን ነበር፤ ሌሎቹን ግን አጥንቼ ነው የተሳሳትኳቸው። ክንዳቸው ጆሮአቸውን የነካ ዕለት እንባዬ መጣ።

የገና ዕለት አጎቴ ከፊት ቆመው ማኅሌቱን መሩ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ዶክተር በተባልኩበት ቀን እንኳ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም!

ስንወጣ ከእስቴ የመጣ አንድ ሰው የአጎቴን እጅ ስሞ ሲያመሰግናቸው ሰማሁ። ወሬው አገር አዳርሷል ለካ፦ አንድ ፕሮፌሰር ትከሻው አልታዘዝ ብሎት ቢመጣ፣ መርጌታ በአራት ሳምንት አቀኑት! ሰውዬው ሚስቱን ትከሻዋን አሟት ኖሮ፣ ላምጣት ወይ ብሎ ለመናቸው። ሙያዬ ተሰረቀ ብዬ አፌን ልከፍት ስል አጎቴ ገልመጥ አደረጉኝ።

«አምጣት፤ ትድናለች» አሉት። «ይህ እንኳ ድኗል!»