ወይዘሮ ዑሙልኸይር «ዳገት» መጽሔትን ያስመዘገቡበት ዜና

ሲስተም በቢሮዎች ላይ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ ኔትወርክ በወደቀ በሦስተኛው ቀን፣ ጥቅምት በባተ በአሥራ ሁለት፣ የማመልከቻዎች እናት፣ የፎቶ ኮፒ እመቤት፣ ከቦርደዴ እስከ መሰላ ያለ ባለጉዳይ ሁሉ ደጅ የሚጠናቸው ወይዘሮ ዑሙልኸይር መጽሔት ሊያስመዘግቡ በጭሮ ከተማ ከጽሕፈት ሱቃቸው ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰውን ፍቺ፣ የሰውን ዝውውር፣ የሰውን የድንበር ክርክር ሲጽፉ ኖረው፣ የገዛ ስማቸው ግን በአንዲት ወረቀት ላይ እንኳ ታትሞ አያውቅም ነበር። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን በላቸው። የዚህ ዜና ጸሐፊም ብዙ ነገር ላይ ያሾፋል፣ በዚህ ላይ ግን አያሾፍም፤ ያማልና። ስለዚህ በፊተኛው ገጹ ላይ «ዋና አዘጋጅ» ተብሎ ስማቸው የሚወጣበት፣ «ዳገት» የተባለ ባለ አሥራ ስድስት ገጽ መጽሔት አሰቡ።

ተከትለዋቸው የዘመቱትም እነሆ፦ ከፊት፣ ባጃጇን እንደ ሰጋር በቅሎ የምታስጋልበው ሰርካ፤ በቀኝ፣ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ስለ ናፍቆት አርባ ግጥም የጻፈውና ሚስቱ እንኳ ያላነበበችለት መምህር ይልቃል፤ በግራ፣ የገበያ ዓምድ የተሰጠው፣ ስለ ዋጋ እውነት ተናግሮ የማያውቀው የጫት ነጋዴው ዘይኑዲን።

ወእምዝ ወደ ፍቃድ ሰጪው ቢሮ ደረሱ፤ የቢሮውንም ስም ጽፈን ልናስቀይመው አንወድም። በበሩም ላይ ዘበኛው እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «ስሚ! ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው! ቦሩ ኮቱ፣ ነገ ነዪ!» በነጋውም ሄዱ፣ ሲስተም የለም ተባሉ፤ ሲስተሙም መጣ፣ ባለሙያው ሄደ፤ ባለሙያውም ተመለሰ፣ ነገር ግን ቀትር ሆኖ ነበርና ቢሮው ሁሉ ጫቱን ይዞ ለበርጫ ተበተነ። እንዲህ እያሉ አራት ወር ተዋጉ፣ አሥራ አንድ ጠረጴዛ ማረኩ፣ አሥራ አንድ ማኅተም አስመቱ፤ የመጽሔቱ ገጽ አሥራ ስድስት እንደሆነ ቀረ፣ የፋይሉ ገጽ ግን ስድሳ አንድ ደረሰ።

የካቲት ሲጋመስ ፍቃዱ ወጣ። ወርቃማ ክፈፍ ነበረው፣ ሰማያዊ ማኅተም ነበረው፣ በባለቤቱ ስም ቦታ ደግሞ ረጅም የነጠብጣብ መስመር ነበረው። ከነጠብጣቡም ላይ ማንም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ወይዘሮ ዑሙልኸይር ማመልከቻ ሲጽፉ ባለጉዳዩ በእጁ እንዲሞላው የስሙን ቦታ ባዶ መተው ልማዳቸው ነው። የራሳቸውንም ሲጽፉ እጃቸው ያንኑ አደረገ። አሥራ አንዱ ባለማኅተሞችም መጽሔቱ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ በታላቅ ጥንቃቄ መርምረው አጸደቁት።

ይታረም ብለው ቢመለሱ፣ ኃላፊው አቶ ፍፁም ከወንበሩ ሳይነሣ እንዲህ አወጀ፦ «እናቴ፣ መመሪያ መመሪያ ነው! እርማት መጠየቅ የሚችለው የፍቃዱ ባለቤት ብቻ ነው። የፍቃዱ ባለቤት ደግሞ፣ እንደሚያዩት፣ የለም። ስለዚህ እሱ ራሱ ቀርቦ ያመልክት!»

ያን ጊዜ በባጃጇ ውስጥ ታላቅ ጉባኤ ሆነ። ዘይኑዲንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አወጀ፦ «ወላሂ፣ ይሄ ፍቃድ ከሰማይ የወረደ ነው! ባለቤት የሌለውን መጽሔት ማን ይከሰዋል? ያሻንን እንጻፍ፣ ተጠያቂ የለም!» መምህር ይልቃልም ይህን አጸና፤ ግጥሞቹ ከማንኛውም ክስ እንዲድኑለት ይሻ ነበርና። ነገሩም ብልህ ምክር ነበር፤ እውነት ለመናገር ዜና ጸሐፊውም እዚያ ቢሆን ያንኑ ይመክር ነበር።

ወይዘሮ ዑሙልኸይር ግን እስክሪብቷቸውን መዝዘው አወጁ፦ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ስም ጻፍኩ። መጽሔቱን የፈለግኩት ለምን መሰላችሁ? የፈራ ከባጃጁ ይውረድ!» ማንም አልወረደም፤ ሰርካ በጣም ትፈጥን ነበርና። እሳቸውም ባጃጁ እየናጣቸው፣ በነጠብጣቡ ላይ፣ ከነአባታቸው ከነአያታቸው ስማቸውን በእጃቸው ጻፉ።

«ዳገት»ም በፊተኛው ገጹ ስማቸውን ይዞ ታተመ፤ በሦስተኛው ገጹም የከተማው ቧንቧ አምስት ሳምንት ሙሉ አየር ብቻ እንዳወረደ ዘገበ። በአምስተኛው ቀን ከዚያው ቢሮ ደብዳቤ መጣ፦ «ወይዘሮ ዑሙልኸይር አብዱልቃዲር አክረም፣ ለጥብቅ ጉዳይ ስለምትፈለጉ ሐሙስ በሦስት ሰዓት እንድትቀርቡ እናስታውቃለን።» ዘይኑዲን ደነገጠ፣ መምህሩ ግጥሞቹን ሰበሰበ።

እሳቸው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። አራት ወር ሙሉ «እናቴ» እያለ ያመላለሳቸው ቢሮ ስማቸውን ጽፎት ነበር፤ ሙሉውን፣ አንዲት ፊደል ሳይጎድል፣ ማኅተም አድርጎበት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያም ሦስት ኮፒ አነሡና አንዱን በሱቃቸው መስታወት ላይ ለጠፉት።

ሐሙስ ዕለትም የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ከተጠሩበት ሰዓት ቀድመው ሄዱ። ወናሁ፣ እናንተ ከዚህ በኋላ የምትነሡ ጸሐፍት፣ ይህን መዝግቡ፦ ብዙዎች ስማቸውን ለማስጠራት አገር አቃጥለዋል፣ ዑሙልኸይር ግን ቧንቧ ደርቋል ብለው ጽፈው በስማቸው ተጠሩ፣ ሲጠሩም «አቤት» አሉ።