ከበሩ በላይ ያለው መልአክና የትርሓስ አባት

አትሳቁ ብል መሳቃችሁ አይቀርም፤ ስለዚህ ሳቁ!

ዘጠና ስድስት ዓመቴ ነው። የልጅ ልጄ ዛሬ ፌስቡክ ከፈተችልኝና «አባባ፣ የመጀመሪያ ፖስትዎ ምን ይሁን?» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን የደበቅኩት ውርደት ይሁን አልኩ።

ጊዜው ጣሊያን ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ከጎንደር መጥቼ መቀሌ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። የምኖረው አንድ ጣሊያን መሐንዲስ ለኪራይ ብሎ በሠራው ፎቅ ቤት ነው። በረንዳው ላይ ከብረት የተሠራ የወይን ዘለላ ተንዠርግጓል። ከዋናው በር በላይ ደግሞ የኖራ ፊት አለ፤ ጭንቅላቱን ጨረር የመሰለ ነገር ከቦታል።

ተከራዮቹ «ሳይሳለመው የገባን ሰው ደረጃው ይጥለዋል» ይላሉ። አንዱ እግሩን ሰብሯል። (ጠጅ ጠጥቶ እንደነበር ማንም አያነሳም።)

ጨረር ካለው መልአክ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ነው?

በየጠዋቱ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አማትቤ፣ መቃኑን ስሜ እወጣለሁ። ትርሓስን ካገባሁ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬም ተሳልኩ!

ትርሓስ የምወዳት ልጅ ናት። ሽማግሌ ብልክ አባቷ «መጀመሪያ ልጄ የምትኖርበትን ቤት ልይ» አሉ። መጡ። ጨዋነቴን ላሳይ ብዬ በሩ ፊት እስከ መሬት ሰገድኩ።

«ኣንታ ወደይ፣ አንተ ልጄ፣ ይሄ የትኛው መልኣክ ነው?» አሉኝ።

ምድር ቤት የሚኖረው ወሎዬው ግንበኛ ሰይድ ብቅ አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ የመሐንዲሱ ሚስት ናት! ወላሂ በእጄ ነው የሠራኋት። ዙሪያዋን ያለው የገለባ ባርኔጣዋ ነው።»

ስድስት ወር ሙሉ የጣሊያን ሚስት ስሳለም ከርሜያለሁ!

አባቷ ግን ሳቁ። ደግ ሰው ነበሩ። «የዋህ ነው። ግድ የለም፣ የዋህ ባል አይጎዳም» አሉ።

ትርሓስን ሊሰጡኝ ነበር እኮ! ከእኔ የሚጠበቀው አፌን መዝጋት ብቻ ነው።

አልዘጋሁም።

«ኣቦይ፣ ሴት መሆኗን አውቃለሁ እኮ! ትርሓስን ስለምትመስለኝ ነው የምሳለማት» አልኩ።

ቀና ብለው ደህና አድርገው አዩዋት። ሴትዮዋ ድርብ አገጭ አላት። አፍንጫዋን ዝናብ በልቶት ግማሹ ነው የቀረው።

ከዚያ እኔን አዩኝ። ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ከእኔ አፍ ግን ትዳር ወጣ። አልቅሻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ በዚህ ዕድሜ!

ትርሓስ ከፋሲካ በኋላ ሌላ አገባች። ሠርጓ ላይ ተጠርቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሙሽራው ከገባ እስኪወጣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እኔስ እንደሱ ብሆን ምን ነበረበት?