ቦይ ውስጥ የገባው ረጅም

ቁመት የካሜራ ጉዳይ ነው። ግድግዳ ላይ በተሰመረ ሜትር የሚያምን ይመን፤ እኔ ጅጅጋ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍቼ ስንቱን አጭር ሙሽራ ከረጅም ሙሽሪት ጋር እኩል ያደረግሁ ሰው ነኝና አላምንም። የሙሽሪት ቀሚስ ሰፊ ነው። ከኋላው አንድ የለስላሳ ሳጥን ይደፋል፣ ሙሽራው በኩራት ይወጣበታል፣ ዘመድ አዝማድም ፎቶውን አይቶ "ሲያምሩ!" ይላል። ሳጥኑን ያየ የለም። አንተም አላየህም፤ ሳሎንህ ውስጥ ተሰቅሎ ይሆናል እኮ።

የጃፓኖቹን የሥዕል ፊልም፣ ልጆቻችን አኒሜ የሚሉትን፣ አይተህ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ይገባሃል። እዚያ እርሳስ የያዘ ሰው እንዳሻው ነው፤ አንዱን ጀግና የመብራት ምሰሶ ያሳክለውና ጓደኛውን ከጉልበቱ በታች ያስቀረዋል። ችግሩ የሚመጣው ያንኑ ታሪክ በእውነተኛ ሰው እንሥራው ሲባል ነው። ተዋናይ እናቱ የሰጠችውን ቁመት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንዱን ሳጥን ላይ ያቆሙታል፣ ሌላውን ጉድጓድ ውስጥ ይከቱታል፣ ካሜራውን መሬት ያስይዙታል፤ ወይም መግዘፍ ያለበትን ወደ ካሜራው ያስጠጉና ሌላውን ራቅ ያደርጉታል። አንተ ፈንዲሻህን እየቆረጠምክ "ይሄ ሰውዬ ሲገዝፍ!" ትላለህ።

እኔ ግን ይህን ጥበብ የጀመርኩት በፊልም አይደለም። በወጣትነቴ አዲጋላ ባቡር ጣቢያ ጆንያ እጭን ነበር፤ ማለቴ፣ ለመጫን እሰለፍ ነበር። ስለዚያ ዘመን ብዙ ማውራት አልወድም። የጫኞች አለቃ የሚመርጠን በቁመት ነው፤ ጆንያው እስከ ፉርጎው በር መነሣት ነበረበትና ሰውዬው አልተሳሳተም። አንድ ጠዋት ከሰልፉ ኋላ ሐዲዱ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ከፍታው ስንዝር አይሞላም። አለቃው በጣቱ እየመረጠ እኔ ጋ ደረሰ። እግሬን አየ።

"ከሐዲዱ ላይ ውረድና እንይህ" አለኝ።

ሰልፉ ሳቀ። ወረድኩ። የዚያን ቀን ምን እንደበላሁ አትጠይቀኝ።

ዓመታት አለፉና፣ በቅርቡ ሆዳን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ ፎቶ ቤቴ ገባች። በደብተር የሣለችው የራሷ አኒሜ አላት። ጀግናው በረሃ አቋርጦ ለመንደሩ ውሃ ሊያመጣ የሚነሣ ግዙፍ ሰው ነው፤ ጓደኛው ከደረቱ አይደርስም። በእውነተኛ ሰው ልትቀርጸው አስባ ካሜራውን እንድይዝላት መጣች። ከጓደኞቿ አንዱ ሙባረክ ነው። ጀግናው እናቱን የሚሰናበትበትን ገጽ ሲያነብ ሌንስ እየወለወልኩ ነበር፤ እጄ ቆመ። ቁመቱ ግን እኔን ያክላል፤ እኔ ደግሞ… ይቅር። ሌላው ዮናስ ነው፤ የወታደር ልጅ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል። ያንኑ ገጽ ሲያነብ የቀበሌ ስብሰባ የሚጠራ ይመስላል።

"ጀግናውን ዮናስ ይጫወት" አለች ሆዳን ደብተሯን እያየች። "ሙባረክ ይበልጠዋል፣ አውቃለሁ። ግን ሥዕሉን ያየ ሰው ሁሉ ይስቅብናል።"

ሙባረክ የራሱን ጫማ አየ። እንደዚያ ጫማ ማየትን አውቀዋለሁ።

"ሙባረክን አስረዝሜ አንድ ትዕይንት ልቅረጽና ፍረጂ" አልኳት። "ብልሃቱ ከታየሽ ጀግናውን ለዮናስ ስጪው።"

"ከታየኝ፣ አዴር፣ አልምርህም" አለች። አዴር በሶማሊኛ አጎት ነው፤ ዛቻውን ግን አላለሰለሰውም።

ትዕይንቱ ሁለቱ ጎን ለጎን እየሄዱ የሚያወሩበት ነበር። ሳጥን ላይ መቆም ቀላል ነው፤ ሳጥን ላይ ሄዶ የሚያውቅ ሙሽራ ግን የለኝም። ሳጥኖቹን ከፎቶ ቤቱ በር ጀምሬ በተርታ ደፋሁ። ሙባረክ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛው ከዳው። ግዙፉ ጀግና አቧራው ላይ ተቀመጠ። ሆዳን ዘወር ብላ ዮናስን አየች።

ያኔ ነው ደጄ ላይ ያለውን የጎርፍ ቦይ ያየሁት። ደረቅ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ መንገዱን ተከትሎ የሚሄድ። በየቀኑ እየዘለልኩት እገባለሁ።

"ዮናስ፣ ግባ" አልኩት።

"የት ጋሼ?"

"ቦይ ውስጥ።"

"እኔ ቦይ ውስጥ፣ እሱ ዳር ላይ?" አለ። ሙባረክን አየው፣ ሳቀ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ።

እኔ በሆዴ ተኛሁ፤ ካሜራውን ወደ ላይ አቅንቼ ከወገባቸው በላይ ብቻ ያዝኩ። መሄድ ሲጀምሩ አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆሞ ዮናስን ተጣራ።

"ዋሪያ! እግርህን ለማን አበደርከው?"

"ለሙባረክ!" አለ ዮናስ። "እስከ ማታ ነው!"

ያንን ቆርጠን ትዕይንቱን ደገምነው። ሆዳን የተቀረጸውን ሁለቴ አየችው። ሙባረክ ሰማዩን ሞልቶ ይናገራል፤ ዮናስ አንገቱን ቀና አድርጎ ያዳምጣል።

"ቦዩ የት ገባ?" አለች። ከዚያ ደብተሩን ለሙባረክ ሰጠችው።

ይህን ሁሉ ዘመን አጭሩን ሳስረዝም ኖሬ፣ የቀረኝን ትምህርት ያን ቀን ጨረስኩ። ሳጥን ላይ የማይወጣ የለም። የሚጠፋው ቦይ ውስጥ የሚገባ ረጅም ነው።

ቀረጻው ባለቀ ቀን አብረን ፎቶ እንነሣ አሉ። ካሜራውን በራሱ እንዲያነሣ አስተካክዬ ሮጥኩ። ዮናስ ማንም ሳይነግረው ቦዩ ውስጥ ቆሟል። ሙባረክ አንድ ሳጥን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

"አዴር፣ ውጣ" አለኝ።

ወጣሁ።

ፎቶው አሁን ፎቶ ቤቴ በር ላይ ተሰቅሏል። ደንበኛው ሁሉ "መሐል ያለው ረጅሙ ማነው?" ይላል። እኔ ነኝ እላለሁ። መጀመሪያ ወደ እግሬ ያያሉ፣ ቀጥሎ ወደ ፎቶው። ይፈልጉ። ፎቶውን ከጉልበት በላይ ነው የቆረጥኩት።